ጥጉ የተሸረፈው መስታወት

አሶሳ፣ ጥር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለዐዋጢፍ ሙርሳል
ጉባ፣ የግድቡ ሥራ ካምፕ፣ ኮንክሪት ላብራቶሪ

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የጉባ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ።

ደውዪልኝ ላልኩሽ መልስ «ለስልክ አልወጣም፤ በቃል አልተባረርኩም፤ በወረቀት ነው። የሚለኝ ካለ በወረቀት ይጻፍ» ብለሽ የላክሽውን መልእክት ሾፌሩ ዓብዱልባሲጥ ቃል በቃል አድርሶኛል። ቃል በቃል ስልሽ በኮሌጁ ግቢ በር ላይ፣ ዘበኞቹ እየሰሙ፣ ከአይሱዙው መስኮት ጮክ ብሎ ማለቴ ነው። ሲጨርስ ደግሞ «ልጨምር ወይስ ይበቃል?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ አስገባው ነበር። አሁን ግን ወረቀት ፍለጋ ገባሁ። አንቺ ትክክል ነሽ፤ በወረቀት እጽፋለሁ።

«ምን ፈልገው ነው?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው። ሥራሽ እውነት ነው። በጠብታው ውስጥ አየሁ ያልሻቸው ክሮች አሉ። እኔም አይቻቸዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። አንቺ እንደማትረሺው አውቃለሁ፤ እኔ በትክክል መያዜን እንድታዪ ነው። የመመረቂያ ሥራሽ እንዲሆን ጀርመን ያለው የክፍል ጓደኛዬ የላከልኝን ነጭ ዱቄት ሰጠሁሽ። ፔፕታይድ ነው፤ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች ሁለቱ ብቻ የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት። ውሃ ውስጥ ሲገባ ማንም ሳይነካው እርስ በርሱ እየተቀጣጠለ ክር ይሠራል ይባላል፤ እስቲ እዪው አልኩሽ። አንቺ ዱቄቱን በሙቅ ውሃ አሟሟሽ። ውሃውን ከእናትሽ የሰሊጥ ዘይት ጋር አድርገሽ መታሽው፤ ውሃው በዘይቱ ውስጥ ዓይን ወደማያያቸው ጠብታዎች ተበተነ። ከሞተ ካልኩሌተር ፊት የላጥሽውን ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጠሽ አንዱን ከስላይዱ በታች፣ ሌላውን ከላይ አግድም አድርገሽ በማይክሮስኮፕ አየሽ። ሁሉ ነገር ጨልሞ በየጠብታው ውስጥ ክሮች ብቻ ሲያበሩ አየሁ ብለሽ በደብተርሽ ሣልሽ።

እኔ ያንኑ ዱቄት በንጹሕ ውሃ፣ በንጹሕ ቱቦ፣ ያለ ዘይት ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ምንም የለም። ሰኔ 13 ቀን 2003 በኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚሽን ፊት ቆሜ «ፈጠራ ነው» አልኩ። «መምህር፣ በጠብታው ውስጥ ይዩት እንጂ» አልሽኝ። «ተፈጥሮ ለጠብታና ለጋን ሁለት ሕግ የላትም» ብዬ መለስኩልሽ። ሰዎቹ ሳቁ። ለመመረቅ ሳምንታት ሲቀሩሽ ወጣሽ።

ሁለት ሕግ የላትም፤ ይህ እውነት ነው። ሁለት ቤት ግን አላት። በሰፊው ውሃ ውስጥ እነዚያ ጡቦች ተበታትነው እንደተላለፉ ይቀራሉ። በጠብታው ውስጥ የዘይቱ ግድግዳ ይሰበስባቸዋል፤ ዝናብ ሲመታው ገበያተኛ ሁሉ አንድ የሣር ጥላ፣ አንድ ራኩባ ሥር ትከሻ ለትከሻ እንደሚቆመው ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ሌላውን ይይዛል። ክሩ ሲረዝም ደግሞ ግድግዳው ይመልሰዋል። ጥጉ ከተሸረፈው የመስታወቱ ጫፍ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠብታ ውስጥ ክሩ መሄጃ አጥቶ፣ ታጥፎ ታጥፎ ቀለበት ሆኖ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘይቱን በምን ነበር ያጠለልሽው? ደብተርሽ እኔ ዘንድ ነው፤ እሱን አላገኘሁበትም።

አንድ ቃል እንደምትጠብቂ አውቃለሁ። ያለ ቦታው የተጻፈ ቃል ስለማልወድ ለዛሬ አልጽፈውም።

ዋቅሹማ ቀጄላ


ጉባ፣ ጥር 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለመምህር ዋቅሹማ ቀጄላ
አሶሳ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ዘይቱን ያጠለልኩት መጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት ሁለት ጊዜ ነው። ደብተሬ ላይ አለ፤ ገጽ 31፣ ግርጌ። መምህር ዋቅሹማ የተማሪ ደብተር ግርጌ ሳያነቡ እንደማያልፉ አራት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎ የዘይት ጥያቄ አይመስለኝም።

እኔ እዚህ ኪዩብ እይዛለሁ። ከሚፈሰው ኮንክሪት ናሙና ይወሰድና በብረት ቅርጽ ይሞላል። ሲደርቅ ቅርጹ ይፈታል፤ ኪዩቡ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። በሰባተኛው ቀን አንዱ፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን ሌላው መጭመቂያ ማሽኑ ላይ ወጥቶ እስኪሰበር ይጫናል። የእኔ ሥራ በእያንዳንዱ ላይ የተሞላበትን ቀን መጻፍና ቀኑ ሲደርስ ማውጣት ነው። ዲግሪ አይጠይቅም። ቀን ያልተጻፈበት ኪዩብ ምንም ቢጠነክር አይሰበርም፤ ይጣላል። ስንት ቀን እንደቆየ የማይታወቅ ነገር ጥንካሬው ምንም አይነግረንም።

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ክሮቹን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው? ቀኑን ይጻፉልኝ።

ሌላው፤ እናቴ መባረሬን አታውቅም። ጨርሼ ሥራ እንደያዝኩ፣ ወረቀቱ በኋላ እንደሚመጣ ነግሬያታለሁ። ገበያ ካገኟት ዝም ይበሉልኝ።

ዐዋጢፍ ሙርሳል


አሶሳ፣ የካቲት 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለዐዋጢፍ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ሰላምታ እንዳላስቀደመ አይቻለሁ። ስለ ጤናዬ እንድትጠይቂኝ የሚያስገድድሽ ነገር የለም። እኔ ግን መጠየቄን አልተውም፤ እንደምን አለሽ?

ገጽ 31 ግርጌ ላይ አገኘሁት። አፍሬያለሁ።

ለጠየቅሽኝ፤ ታኅሣሥ 18 ቀን 2005 ነው። ከዱቄቱ የተረፈኝን ጭላጭ አንቺ እንዳደረግሽው አድርጌ ደገምኩት፤ ያኔ አየሁ።

አሁን ወደ ፊቱ ልሂድ። ለኮሚሽኑ ጉዳይሽ እንደገና እንዲታይ ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ። ዲኑን አማከርኩት። ሰውየውን ታውቂዋለሽ፤ ፊርማ ከማስቀመጡ በፊት ብዕሩን ሦስት ጊዜ የሚያራግፍ ሰው ነው። «አዲስ ማስረጃ ተገኘ ብለህ ጻፈው» አለኝ። «አንተም አትጠየቅ፣ እሷም ትመለስ፣ ግቢውም አይነካ።» ቃሉ ለስላሳ ነው፤ በር ግን ይከፍታል። ቀሪውን ፈተና ወስደሽ በሐምሌ ትመረቂያለሽ። ረቂቁን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ተስማሚና ላስገባው።

እናትሽን አገኘኋት። ለድጋሚ ሥራው ዘይት የምገዛው ከእሷ ነው፤ የሌላው ዘይት ሌላ ውጤት ቢያመጣ ብዬ ሰግቼ። ቅዳሜ ገና ከሩቅ ስታየኝ «ኡስታዝ! ና፣ ና! ዘይት ዛሬ የወጣ ነው» ብላ ተጣራች። ጠርሙሴን ሞላችና ከላይ አንድ ኩባያ መረቀችልኝ። አያስፈልግም አልኳት። እንደ ልማዷ አንቺን በወንድ አንቀጽ እየጠራች መለሰችልኝ፤

«እንዴት አያስፈልግም? ልጄን ሰው ያደረግከው አንተ አይደለህ? ወላሂ፣ ግድብ ቦታ ትልቅ ሥራ ያዘ ይላሉ። እኔ ምን አለኝ? ዘይት ነው ያለኝ። ውሰድ!»

አጠገቧ ማንጎ የምትሸጠው ሴትዮ «ኸድራ፣ ለኔም እንዲህ ብትመርቂልኝ ምን አለበት?» አለቻት። «አንቺ ልጄን አስተማርሽ?» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጠርሙሱን አቅፌ ቆሜ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም መረቀችልኝ።

ዝም በሉ ስላልሽኝ ዝም ብያለሁ።

ዋቅሹማ


ጉባ፣ የካቲት 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለመምህር ዋቅሹማ ቀጄላ
አሶሳ

ረቂቁን መልሼ ልኬያለሁ። ምክንያቱን እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 18 አይደለም።

ጥር 6 ቀን በጻፉልኝ ደብዳቤ ላይ «ጥጉ ከተሸረፈው የመስታወቱ ጫፍ አጠገብ» ይላል። መሸፈኛ መስታወት ተቆጥሮ ይሰጠን ነበር። የመጨረሻው ከእጄ ወድቆ ጥጉ ተሸረፈ። ሌላ ስላልነበረኝ ዙሪያውን በቀይ የጥፍር ቀለም አሽጌ ተጠቀምኩበት። ሰኔ 13 ጠዋት ነው። በሸራፋው አጠገብ አንዲት ጠብታ ውስጥ ክሩ ቀለበት ሠርቶ አየሁ። ልስለው ደብተሬን ስከፍት ኮሚሽኑ ጠራኝ። ስላይዱን በእንጨት ሣጥኑ 17ኛ ቁጥር ላይ አስገብቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪው አልገባሁም። በደብተሬ ውስጥ ቀለበት የለም። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርም የሚያምነኝ አልነበረም።

የጥፍር ቀለም ውሃን ከወር በላይ አያቆይም። ሐምሌ ሲያልቅ በዚያ ስላይድ ላይ ጠብታ የሚባል ነገር አይኖርም። እርስዎ ደግሞ ቀለበቱን በጠብታ ውስጥ ነው ያዩት።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን የጨው መለያ ሥራዬን ከሃያ አሥራ ዘጠኝ የሚያወጣ ነው ብለው ዜሮ ሰጡኝ። በገጹ ራስ ላይ ቀን አልጻፍኩም ነበር። «ቀን የሌለው ውጤት አባት የሌለው ወሬ ነው» አሉኝ ሁሉም እየሰማ። አልቅሻለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ቀን ሳልጽፍ አንድም ገጽ አልጀመርኩም፤ ይኸው እንጀራዬም ሆኗል።

«አዲስ ማስረጃ ተገኘ» የሚለውን ወረቀት አልፈልግም። ማስረጃው አዲስ አይደለም። በሐሰት ወጥቼ በሐሰት አልገባም። ቀኑን ይጻፉ፤ ወይም ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ዐዋጢፍ ሙርሳል


አሶሳ፣ መጋቢት 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዐዋጢፍ፣

ዛሬ ሰላምታ የማስቀደም መብት የለኝም።

ሰኔ 15 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

ከተባረርሽ በሁለተኛው ቀን ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ እንደ ልማዱ መብራት ጠፍቷል። ሣጥኑን ለሚቀጥለው ክፍል ላጸዳ ገብቼ 17ኛውን ሳወጣ ቀዩን ቀለም አየሁ። ንዴቴ አልበረደም ነበር፤ «ይህንንም ፈጠራዋን ልየው» አልኩ። አሮጌውን ባለ መስተዋት ማይክሮስኮፕ ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ የካልኩሌተርሽን ፕላስቲኮች አንቺ እንደምታደርጊው አግድሜ አየሁ። ፕላስቲኮቹ ጠረጴዛሽ ላይ ነበሩ።

ክሮቹ ነበሩ። በሁሉም ጠብታ አይደለም፤ በትናንሾቹ። ሸራፋው አጠገብ ያለውን ቀለበት ለረጅም ጊዜ አየሁት። ዓይኔን ነቅዬ እንደገና አየሁት። በዚያች ሰዓት በዚህ አገር ያንን ያየን ሁለት ሰዎች ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ አንዷን ከትናንት በስቲያ አስባርሬያለሁ።

የኮሚሽኑ ውሳኔ ገና አልጸደቀም ነበር። ማኅተም ያረፈበት ሰኔ 28 ነው። አሥራ ሦስት ቀን ነበረኝ። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ከቢሮዬ እስከ ዲኑ ቢሮ ያለው ሃምሳ እርምጃ ነው። አላደረግኩትም። በዚያው ሳምንት ዲኑ በስብሰባ ላይ «ዓይኑ የማይታለል መምህር» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ በፊት ያደረግኩትንም ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ነገሩ ግማሽ ነው። ያንኑ ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የጥፍር ቀለሙን በአሴቶን አስለቀቅኩ። መስታወቱን አነሣሁ። ስላይዱን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል አጥቤ፣ አድርቄ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። በሥርዓት ነው ያጠብኩት፤ እናንተን እንደማስተምራችሁ። ሸራፋውን መስታወት ልጥለው ቅርጫቱ ድረስ ወሰድኩትና መልሼ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩት።

ለምን ዛሬ? ይህን አልጠየቅሽኝም፤ መጠየቅሽ ግን አይቀርም። ጀርመን ያለው ጓደኛዬ በኅዳር ጻፈልኝ። በሌላ አገር ያሉ ሰዎች በዘይት ውስጥ ባሉ ጠብታዎች ክሩ እንደሚሠራ፣ በቱቦ ግን እንደማይሠራ አሳትመዋል፤ «አንተ የሰጠሁህን ምን አደረግከው?» አለኝ። ጽሑፋቸው ውስጥ ሥዕል አለ፤ የአንቺ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኅሊናዬ ነው የቀሰቀሰኝ ብዬ አልዋሽሽም። እውነቱ በሌላ በር ሊገባ ሲል ነው እኔ በሩን የከፈትኩት። ስምሽ መጀመሪያ ሊሆን ይችል ነበር፤ ያንን ልመልስልሽ አልችልም።

ሌላም አለ። እኔ ከነጆ ወደዚህ የመጣሁት በ1987 ነው፤ ክልሉ ገና ጠረጴዛና ወንበር እየለመነ በነበረ ጊዜ። የዚህ አገር ልጆች በድጋፍ ነጥብ አለፉ ሲባል እሰማለሁ፤ ያናድደኛል። «እኔ ያሳለፍኩትን ልጅ ማንም እንዲህ አይለውም» ብዬ ማልኩ። ጥብቅነቴን ለእናንተ የምከፍለው ውለታ አድርጌ ቆጠርኩት። አሁን ራሴን የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ «መምህር፣ በጠብታው ውስጥ ይዩት» ቢለኝ አጎንብሼ አላይም ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ ብዬ እፈራለሁ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ቦታ አገኘሁለት ብዬ አስቤ ነበር። አሁንም ከጥፋቴ የሚያንስ ቃል ነው፤ ቢሆንም ይኸው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለእናትሽ ነገርኳት። ዝም በሉ እንዳልሽኝ አልረሳሁም፤ ግን ምርቃቷን መቀበል አቃተኝ። ቅዳሜ ጠርሙሴን ስትሞላ «ኸድራ፣ ልጅሽን ያስባረርኳት እኔ ነኝ። ጥፋት አልነበራትም። እያወቅኩ ነው» አልኳት። መቅዳቷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ዓብዱልባሲጥ አፉ ወንፊት ነው። አምና ነገረኝ። አንተ እያወቅክ መሆኑን አላወቅኩም። ይኼን አሁን ሰማሁ።»

«ታዲያ በየቅዳሜው ምርቃቱ፣ ምስጋናው…»

«ምን ላድርግ? ልጮህ? ግቢ በር ሄጄ ልጮህ? ይኼ ሰው ትንሽ ትንሽ ልጨምርበት አልኩ። ሲከብደው ያወርዳል አልኩ።» ጠርሙሱ ሲሞላ ልክ አንገቱ ላይ አቆመች። ክዳኑን ገጠመች። «ዛሬ ምርቃት የለም፣ ኡስታዝ። ሂድ።»

«ለዐዋጢፍ እንዳትነግር፤ ለኔ ብሎ ነው የደበቀው» ብላ ከኋላዬ ተጣራች። ይኸው ነገርኩሽ። ከእንግዲህ ደብቅ የሚለኝን ሰው አልሰማም።

ለኮሚሽኑ ትናንት ያስገባሁት ማመልከቻ ግልባጭ ከዚህ ጋር አለ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አሴቶኑም ሳይቀር ተጽፏል። ደብተርሽንም ልኬያለሁ። በጥጥ የተጠቀለለችውን ስትፈቺ ተጠንቀቂ፤ ትቆርጣለች።

ዋቅሹማ ቀጄላ


ጉባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለመምህር ዋቅሹማ ቀጄላ
አሶሳ

ማመልከቻው፣ ደብተሩና መስታወቱ ደርሰውኛል። መስታወቱ አልቆረጠኝም።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ገንዳው ዳር ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፤ የዚያን ቀን ሁለት ኪዩብ ሳላወጣ ቀረሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቀን ሲያልፈኝ የመጀመሪያዬ ነው። አለቃዬ ተቆጣኝ። ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ስለ እናቴ ምን ልበል? ዓመት ሙሉ በየወሩ ስለ ትልቁ ሥራዬ በስልክ ስነግራት «ማሻአላህ» ትለኝ ነበር። ሁለታችንም ስንዋሽ ከርመናል። ደውዬ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አንቺስ?» አለችኝ። ከዚያ ካርዱ አለቀ።

ኮሚሽኑ ለግንቦት 7 ጠርቶኛል። ሥራዬን በፊታቸው ደግሜ እንዳሳይ ነው። አሳያለሁ። እርስዎን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ማመልከቻውን ሰብሳቢው «ተነቧል» ብሎ ያልፈዋል፤ አውቃቸዋለሁ። ቀኑን በአፍዎ ይናገሩት። ፈጠራ ነው ያሉትም በአፍዎ ነበር፤ ሰዎቹ የሳቁትም ያኔ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም የቆየሁት ረስቼው አይደለም።

ዐዋጢፍ ሙርሳል


አሶሳ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዐዋጢፍ፣

እናገራለሁ።

ዲኑ ትናንት ጠርቶኝ «ስላይዱን አጠብኩ» የሚለውን «በጥንቃቄ ጉድለት ጠፋ» በሚል እንድቀይረው መከረኝ። «ሠላሳ ዓመት አገልግለሃል፤ ጡረታህ ቀርቧል፤ ለማን ብለህ ነው?» አለኝ። የጥንቃቄ ጉድለት! እኔን! በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያጠብኩት ዕቃ የለም። በሩን ዘግቼበት ወጣሁ፤ ከዚያ የገዛ ቢሮው መሆኑ ትዝ አለኝ።

ዘይት ላዘጋጅልሽ አልኩና ተውኩት። ዕቃውን ሁሉ ራስሽ ያዢ፤ ዱቄቱንም ጓደኛዬ ከጀርመን በስምሽ ልኮልሻል። ከሥራሽ አንዱንም በእጄ አልነካም።

ከማስተማር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያግዱኝ ጠይቀሽ ነበር ብሎ ዓብዱልባሲጥ ነግሮኛል። አላውቅም። እሱን አታስቢው።

ዋቅሹማ


ጉባ፣ ግንቦት 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለመምህር ዋቅሹማ ቀጄላ
አሶሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ዝናብ አልተነሣብዎትም?

እኔ ደህና ነኝ። በሃያ ስምንት ቀን የሚሰበሩ አሥራ አንድ ኪዩቦች በእጄ ስላሉ ወደ ጉባ ተመልሻለሁ። ሌላ ሰው ቀናቸውን እንዲያዛባብኝ አልፈለግኩም። የመጨረሻው ሰኔ 3 ይሰበራል። በማግሥቱ ለፈተናው እመጣለሁ።

በአዳራሹ ውስጥ ቀኑን ሲናገሩ ሰማሁ። ሰዓቱንም። ሰብሳቢው «ይበቃል፣ ገብቶናል» ሲልዎ «አልገባችሁም፤ አልጨረስኩም» ብለው ስለ አሴቶኑ ሲናገሩ አንድም ሰው አልሳቀም። እናቴ ከኋላ ወንበር ነበረች። ሲጨርሱ «አሁን ቀለለው» አለችኝ። እኔ አልመሰለኝም። ፊትዎን አይቼዋለሁ።

ከዚያ እኔ ስላይዱን አዘጋጅቼ፣ ሰዎቹ ተራ በተራ አጎንብሰው እያዩ፣ ዲኑ እንኳን መነጽሩን አውልቆ ሁለት ጊዜ ሲያይ፣ ቀና ብል የእርስዎ ወንበር ባዶ ነው። በጓሮ በር ወጡ አሉኝ። ዓይኔ አዳራሹን ዞረ። ሁሉም አይቶ እርስዎ ብቻ አላዩም።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብለውኛል። ስለዚያ የምጽፈው ገና የለኝም። ኮንክሪት በሰባት ቀን ይደርቃል እንጂ ጥንካሬው አይሞላም፤ በሰባተኛው ቀን መጨረሻውን ለመናገር የሚቸኩል ጀማሪ ነው። ቀኑን ጽፌበት ገንዳው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ ይበሉ።

እስከ ውሳኔው ድረስ ከማስተማር እንደታገዱ፣ መጻሕፍትዎንም ካርቶን ውስጥ እያስገቡ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የላብራቶሪውን ቁልፍ ግን ገና እንዳላስረከቡ ዓብዱልባሲጥ ነግሮኛል፤ መቼም እሱ የማያውቀው የለም።

ስላይዱ በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ 17ኛ ቁጥር ላይ ነው። የሸፈንኩት በዚያው በሸራፋው መስታወት ነው፤ ዙሪያው ቀይ ነው። ከሸራፋው በስተግራ ካለችው ትንሽ ጠብታ ይጀምሩ። ወር ሳይሞላው ውሃው ይደርቃል፤ አይቆዩ።

ይዩት። አይጠቡት። ያዩበትንም ቀን ይጻፉልኝ።

ዐዋጢፍ ሙርሳል